በ45ኛው ቀን ክትባት እናቲቱም ትጠየቅ

በሰሜን ወሎ የአራስ ቀን በሁለት መቁጠሪያ ይቆጠራል። አንደኛው የሃይማኖትና የባህል ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናትም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በሙስሊሙ ቤት የኒፋስ ወቅት እስከ 40 ቀን ይዘልቃል፤ እናት በዚህ ጊዜ ከሶላትና ከጾም ታርፋለች። ሁለተኛው የጤና ባለሙያው መቁጠሪያ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ሦስተኛው ቀን፣ ሁለተኛው ሳምንት፣ በመጨረሻም ስድስተኛው ሳምንት። ሁለቱ መቁጠሪያዎች ከሞላ ጎደል የሚገናኙት በጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ነው። ስድስተኛው ሳምንት በሐራም ሆነ በመርሳ፣ በወልዲያም ሆነ በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች በሰው አፍ «የ45 ቀን ክትባት» ይባላልና።

በዚያ ቀን ለሕፃኑ ብዙ ነገር ይደረግለታል። የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች መከላከያውን፣ የሮታና የፖሊዮ ክትባቱን ይወስዳል። ይመዘናል፤ ካርዱ ይሞላል፤ የ10ኛው ሳምንት ቀጠሮ ይጻፋል። እናቲቱ ምሽቱን ልጁ ቢያተኩሰው ምን ማድረግ እንዳለባት ይነገራታል። ጡት እየጠባ እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ስለ ልጁ ትጠየቃለች፤ ሁሉንም ትመልሳለች። ካርዱ ግን እርሷ ራሷ እንቅልፍ አጥታ፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ልጇን ስታይ ምንም ሳይሰማት ቀርቶ እንደሆነ የሚሞላበት መስመር የለውም። ይህ ክፍተት ሊዘጋ ይገባል። የድኅረ ወሊድ ድባቴን መለየት ራሱን የቻለ አዲስ መርሐ ግብር አያስፈልገውም፤ እናቶች ለልጃቸው ሲሉ አስቀድመው በሚመጡበት የክትባት ቀን ውስጥ መግባት ይችላል። የሚገባበት መንገድ ግን ተራ የቅጽ መሙላት ከሆነ ባይገባ ይሻላል።

ስለ ሕመሙ ሲነሣ ሦስት ነገሮች ይቀላቀላሉ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ብዙ እናቶች በትንሽ በትልቁ ያለቅሳሉ፤ ስሜታቸው ይለዋወጣል። ይህ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል፤ ከዕረፍትና ከሰው አለኝታነት በቀር ሕክምና አይሻም። በሌላው ጫፍ ከሺህ እናቶች አንዷን ወይም ሁለቱን ብቻ የሚያገኘው፣ ከእውነታ የሚያላቅቀው የድኅረ ወሊድ የአእምሮ መቃወስ አለ፤ እርሱ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ጎረቤትም ሳይቀር ያየዋል። ድባቴው ከሁለቱ መካከል የተደበቀው ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሐዘን፣ ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ አለመምጣት፣ አንዳንዴም ሞትን መመኘት መገለጫዎቹ ናቸው። እናቲቱ ግን እንጀራዋን ትጋግራለች፤ ውኃዋን ትቀዳለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች። የሚያይላት የለም።

መጠኑ ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥቅል ጥናት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት በድባቴና በመሰል የአእምሮ ሕመሞች እንደሚያዙ አሳይቷል። በኢትዮጵያ የተካሄዱትን ጥናቶች አሰባስበው የተነተኑ ሥራዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ከአምስት እናቶች ወደ አንዷ ይጠጋሉ። የክትባት ቀን በጤና ኬላ አግዳሚ ወንበር ላይ ዐሥር እናቶች ቢቀመጡ ሁለቱ ማለት ነው።

ለምን በእናቲቱ ቀጠሮ ሳይሆን በልጁ? ምክንያቱ የእናቲቱ ቀጠሮ ባዶ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. የ2019 አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የድኅረ ወሊድ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት ሦስተኛውን ፔንታቫለንት የወሰዱት ሕፃናት 61 በመቶ ደርሰዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር አይለኩም፤ ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ቤተሰቡ ለእናቲቱ የማያወጣውን ግማሽ ቀን ለልጁ ያወጣል። በዚያ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን እንጂ ለድባቴ ጊዜው አይደለም፤ ገና የመጀመሪያው የእንባ ሳምንት ነውና የሚያልፈውን ከማያልፈው መለየት አይቻልም። ስድስተኛው ሳምንት ግን የሚያልፈው ካለፈ በኋላ ነው።

የአካባቢው ባህልም ወደዚሁ ቀን ይጠቁማል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎ ይገነፋላታል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከክፉ ነገር ይጠብቃታል ተብሎ በራስጌዋ ብረት ይቀመጣል። የሚጠይቋት ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ፤ በሙስሊሙም ቤት ዱዓው አይቋረጥም። ይህን ሁሉ እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚቆጥር ባለሙያ ቢኖር ተሳስቷል። ለአራስ ዕረፍት፣ ምግብና የሰው አለኝታነት መስጠት ዛሬ በየትኛውም የሕክምና መመሪያ የሚመከር ነገር ነው። ችግሩ የሚያበቃበት ቀን መኖሩ ነው። 40ው ሲሞላ ጠያቂው ይቀንሳል፤ እናቷ ዘንድ የወለደችው ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች፤ ማገዶውና እንስራው ይጠብቃታል። ሰላምታው ራሱ አደጋው እንዳለፈ ይናገራል፤ «ማረችሽ» ከተባለች በኋላ ከፋኝ ማለት ውለታ እንደ መካድ ይመስላል። ስለዚህ የ45 ቀኑ ክትባት የሚውለው እናቲቱ ብቻዋን መሆን በምትጀምርበት ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቀን ስሌት መጥቀስ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ የወለደች ክርስቲያን እናት በ45ኛው ቀን ገና የ80ውን ግማሽ ማለፏ ነው። የ10ኛው ሳምንት ቀጠሮ በ70ኛው ቀን ይውላል፤ እርሱም ከክርስትናው በፊት ነው። ከክርስትናው በኋላ የሚመጣው የ14ኛው ሳምንት ቀጠሮ፣ 98ኛው ቀን ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ማለፍ ለአንዷ እናት ከድጋፉ ማግሥት፣ ለሌላዋ ገና በድጋፉ ውስጥ ሳለች መጠየቅ ይሆናል። ድባቴ በመጀመሪያው ዓመት በማናቸውም ወር ሊጀምር ስለሚችል ጥያቄው በ6ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ላይ ቢደገም ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ቀጠሮ አስቀድሞ አለ፤ የሚጨመር ጉዞ የለም።

ጉዳዩ የእናቲቱ ብቻ አለመሆኑን ያሳየው አገር በቀል ማስረጃ የተገኘው በቡታጅራ ነው። ሻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድኅን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 1,065 እርጉዝ እናቶችን መዝግበው ከነልጆቻቸው ተከታትለዋል። በእርግዝና ወቅት የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመሪያ ሰዓታቸውም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጭንቀቱ ከወሊድ በፊትም በኋላም የዘለቀባቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። በዚያው ጥናት በእናት የአእምሮ ሕመምና በሕፃናት መቀንጨር መካከል ይጠበቅ የነበረው ግንኙነት አልታየም፤ ይህም መነገር አለበት። በእስያ የታየው ሁሉ በኢትዮጵያ አይደገምም። የተቅማጡ ውጤት ግን ለክትባት ባለሙያው ጆሮ ቅርብ መሆን አለበት፤ በሮታ ክትባት ሊከላከል የሚደክመው ያንኑ በሽታ ነውና።

በምን ቃል ይጠየቅ?

በዓለም ላይ ብዙ የሚሠራበት መጠይቅ ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ ያዘጋጁት የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ ነው። ዐሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ከፍተኛው ነጥብ 30 ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። የድካምና የምግብ ፍላጎት ጥያቄዎች ሆን ተብለው ቀርተውበታል፤ አራስ የሆነች ሁሉ ደክሟታልና። ብልህ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የገጠመው ነገር ለሐራ ትልቅ ትምህርት አለው። በአዲስ አበባ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያዎች ሲሞከር ጥሩ ሠራ። በቡታጅራ ገጠር ሲሞከር ግን የታመመችውን ካልታመመችው በሚገባ መለየት አልቻለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በ«አዎ» እና በ«የለም» የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በልጦት ተገኘ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ቋንቋው ከተጠርጣሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ነው። የኤዲንብራው መለኪያ ጥያቄዎች የተጻፉት ማንበብ ለምትችልና ያለፈውን ሳምንት ስሜቷን በአራት ደረጃ ከፍላ ማመዛዘን ለለመደች እናት ነው። አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተነገሩ ናቸው፤ ቃል በቃል ሲመለሱ ትርጉማቸው ይጠፋል። የወሎ እናት ሕመሟን የምትናገረው በሌላ መንገድ ነው፦ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ልቤ ደከመ፤ ሰውነቴ ተሳሰረ፤ ራሴን ይወቅረኛል፤ ከሰው አልስማማም አለኝ። ባለሙያው የሚጠቀምበት «ድባቴ» ለአብዛኛው የገጠር ሰው እንግዳ ቃል ነው። «ድብርት» ደግሞ በከሰዓት ፀሐይ የሚመጣ መሰላቸት ሆኖ ይሰማል። እናቲቱን «ድብርት አለብሽ?» ብሎ መጠየቅ «የለብኝም» የሚል መልስ መግዛት ነው።

«እንዴት ነሽ?» የሚለውም አይበቃም። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኗ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሟ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ይህ ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ ለሕመም መጠይቅ መልስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ሰላምታ መምሰል የለበትም። ለሁሉም እናቶች እንደሚቀርብ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ጊዜ ተወስኖለት፣ የሚታይ ነገር መጠየቅ አለበት፦ «እህቴ፣ ከወለዱ ሴቶች ብዙዎቹ ሆድ ይብሳቸዋል፤ ስለዚህ የሚመጡትን ሁሉ እንጠይቃለን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሲከፋሽ፣ ተስፋ ስትቆርጪ ሰንብተሻል? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን ትቷል?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በዓለም ዙሪያ ለመነሻ ልየታ የሚሠራባቸው ናቸው። ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ያለችው እናት ወደ 20ዎቹ ጥያቄዎች ታልፋለች፤ ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀውም ያን ጊዜ በግልጽ ይጠየቃል። ስለ ሞት መጠየቅ ሞትን ያስመኛል የሚል ፍርሃት በባለሙያዎችም ዘንድ አለ፤ መሠረት የለውም። የተጠየቀችው እናት ብዙ ጊዜ የሚሰማት እፎይታ ነው።

ቦታውስ? የክትባት ቀን ግርግር የሚበዛበት ከጠርሙሱ የተነሣ ነው። የቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ብክነት እንዳይኖር ሕፃናት በአንድ ቀን ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰልፍ መሃል፣ አማትና ጎረቤት አጠገቧ ቆመው፣ የልቧን የምትናገር እናት አትኖርም። ከባሏ ጋር ከመጣች ደግሞ ጥያቄው አደጋም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የብዙ አገሮች ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ካነጋገራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከትዳር ጓደኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ነግረውታል፤ ከድባቴ መንስኤዎች አንዱም ይኸው ጥቃት ነው። መፍትሔው አዲስ ክፍል መገንባት ላይሆን ይችላል። መርፌ የተወጋ ሕፃን ያለቅሳል፤ እናቱ ዞር ብላ ተቀምጣ ታጠባዋለች። ያቺ የማባበያ ሩብ ሰዓት፣ ከሰልፉ ትንሽ ራቅ ያለች አንዲት አግዳሚ፣ ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ በቂ ናቸው።

ከጥያቄው በኋላ

ልየታን የሚቃወመው ጠንካራው ክርክር ስንፍና አይደለም። «ጠይቀን ምን ልናደርግላት ነው?» የሚል ነው። በብሪታኒያ የብሔራዊው የልየታ ኮሚቴ ሁሉንም እናቶች በመጠይቅ መለየትን እስካሁን አይመክርም፤ ባለሙያዎች በክትትል ወቅት እንዲጠይቁ ብቻ ይበረታታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በሕፃኑ የ1፣ የ2፣ የ4 እና የ6 ወር ምርመራ ላይ እናቲቱ እንድትጠየቅ ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ መመሪያ ልየታውን ደግፎ አንድ ብርቱ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ልየታው የምርመራና የሕክምና አገልግሎት ተከትሎት እንዲመጣ። መጠይቁ የሚያነሣቸው እናቶች ሁሉ የታመሙ አይደሉም፤ ሕመሙ ያለባቸውም ሁሉ ሐኪም አያስፈልጋቸውም። ሳይዘጋጁ መጠየቅ እናቲቱን ስም ሰጥቶ ወደ ቤቷ መመለስ ነው። «እብድ» የሚለው ስም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከመጠይቁ ቅጽ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ሆኖም ይህ ክርክር ሐኪም የሌለበት ቦታ ሁሉ ሕክምና የለበትም ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱን ያፈረሰው ሥራ በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር የተደረገው ነው። አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ በእርግዝናቸው መጨረሻ ላይ ድባቴ የተገኘባቸውን 903 እናቶች በሁለት መደቡ። በአንዱ ወገን ያሉትን የመንደሩ የጤና ሠራተኛ ሴቶች፣ የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው፣ ቤታቸው እየሄዱ በ16 ዙር አነጋገሩ። ንግግሩ እናቲቱ ስለ ራሷ፣ ስለ ልጇና በዙሪያዋ ስላሉት ሰዎች የያዘችውን ጎጂ ሐሳብ ለይታ በሌላ እንድትተካ የሚያግዝ ነበር። ስድስት ወር ሲሞላ በድባቴ ውስጥ የቀሩት በዚህ ወገን 23 በመቶ፣ በሌላው ወገን 53 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በላንሴት ታትሟል። የታከሙት እናቶች ልጆች ተቅማጣቸው ቀንሶ፣ ክትባታቸውን የጨረሱትም በዝተው ተገኙ። ሕመምተኞቹን የለዩት እዚያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መሆናቸው ልዩነት ነው፤ የረዱት ግን የመንደር ሴቶች ናቸው።

ኢትዮጵያ እነዚህን ሴቶች አላጣችም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ባለሙያ ሴቶችን አስቀምጧል። በየቤቱ ይገባሉ፤ የቤተሰብ ማኅደሩ በእጃቸው ነው፤ ቋንቋው ቋንቋቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የፓኪስታኑን ሥራ መመሪያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶታል። የአእምሮ ጤናን ከመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጋር የማዋሐድ መመሪያም በአገሪቱ ሥራ ላይ ከዋለ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒት ላይ ብቻ የሚንጠለጠል አሠራርም አይደለም፤ ለምታጠባ እናት መጀመሪያ የሚሰጠው የንግግርና የማኅበራዊ ድጋፍ ነው፤ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው በሰውነት ውስጥ ብዙ የሚቆይ መድኃኒት በተቻለ መጠን እንዲቀር ይመከራል።

እርግጥ ነው፣ በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ጤናን በጤና ጣቢያዎች ለማዋሐድ በተደረገው ሰፊ ሥራ አንድ የሚያሳስብ ነገር ታይቷል። ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ወደ ጤና ጣቢያው ከመጡት የድባቴ ሕሙማን የለዩት እጅግ ጥቂቶቹን ነበር። ሕሙማኑ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ይዘው ይመጣሉ፤ ለዚያው መድኃኒት ተቀብለው ይመለሳሉ። ይህ ሥልጠና ከንቱ ነው አያሰኝም። በቀጠሮ የተወሰነ፣ ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ ከሌለ ሥልጠናው ብቻውን ዓይን አይሆንም ያሰኛል እንጂ።

ለሰሜን ወሎ ነገሩ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልዲያና በአካባቢዋ ሲያልፍ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። እናቶች በሽሽት ላይ ወልደዋል። በሀብሩ የጃራ መጠለያ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በድንኳን አሳድገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፤ ሪፈር የተጻፈላት እናት ቀጠሮዋ ሊያልፍባት ይችላል። ከሐራና ከመርሳ ዙሪያ ብዙ ወጣቶች ወደ ዓረብ አገር ስለሚሰደዱ ባሏ በስልክ ብቻ የሚገኝ እናት ብዙ ናት። ብቻዋን መሆኗ ከ40ው በኋላ ሳይሆን ገና ከመነሻው ይጀምራል። «ተቋሙ ሲጠገን፣ ሰላሙ ሲመጣ እንጀምራለን» የሚለው መልስ ለዚህ አካባቢ አይሠራም። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት እናቲቱ ዘንድ መድረስ የምትችለው በዚያው ቀበሌ የምትኖረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብቻ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው የሕክምና እርከን ጤና ኬላው ራሱ መሆን አለበት። ጤና ጣቢያው ሁለተኛው ነው። ወልዲያ ሆስፒታል ደግሞ ራሷን ለመጉዳት ላሰበች፣ ከእውነታ ለተላቀቀች፣ በንግግር ድጋፍ ላልተሻላት እናት ይቀመጥ።

ባለሙያዋ የሠፈር ልጅ መሆኗ ግን ሁለት ስለት አለው። ታምና የሚነገራት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚፈራትም ሰው በዚሁ ምክንያት ይፈራታል። ምስጢር ካልተጠበቀ ሥራው በአንድ ወር ውስጥ ይሞታል፤ አንዲት እናት የነገረችው በገበያ ከተሰማ በሚቀጥለው የክትባት ቀን ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። የልየታው ውጤት በልጁ የክትባት ካርድ ላይ ፈጽሞ መጻፍ የለበትም። ካርዱ የቤት ሁሉ ነው፤ አባት ያየዋል፤ አማት ታስቀምጠዋለች፤ ለልደት ምዝገባም ይወጣል። በጤና ኬላው ተቆልፎ በሚቀመጥ መዝገብ፣ በምልክት ብቻ ቢያዝ በቂ ነው። ባለሙያዋም ብቻዋን አትተው። የሰዎችን መከራ ስታዳምጥ የምትውል፣ ራሷም በዚያ ጦርነት ውስጥ ያለፈች ሴት በወር አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር ተቀምጣ የምትመካከርበት ሰዓት ሊኖራት ይገባል። አሁን ካለባት የሪፖርት ክምር ላይ ሌላ ቅጽ ከመጨመር አንድ ቅጽ ቀንሶ ይህን ማስገባት ይሻላል፤ የትኛው ቅጽ ይቀነስ የሚለውን ከእርሷ በተሻለ የሚያውቅ የለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወደ ክትባቱ የመጣችውን እናት የሚመለከት ነው። ያልመጣችውስ? ድባቴ የያዛት እናት ከአልጋዋ መነሣት ይከብዳታል፤ ልጇን አዝላ በቆላው ፀሐይ አንድ ሰዓት መጓዝ ከዚያ ይብሳል። ቀጠሮዋን የምትረሳው፣ «ሌላ ጊዜ» የምትለው፣ ካርዱን የምትጥለው እርሷ ልትሆን ትችላለች። የፓኪስታኑ ጥናት ድጋፍ ያገኙት እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት በብዛት መጨረሳቸውን ማሳየቱ ይህንኑ ይጠቁማል። በየጤና ኬላው ክትባት ያቋረጡ ሕፃናት ዝርዝር አለ። ባለሙያዋ በየወሩ ዝርዝሩን ይዛ ቤት ለቤት ትሄዳለች፤ ዓላማው ልጁን ወደ ክትባቱ መመለስ ነው። በር ላይ ቆማም «ለምን አላመጣሽውም?» ትላለች፤ ጥያቄው ወቀሳ ይመስላል፤ መልሱም ሰበብ ይሆናል፦ ውኃ ቀድቼ፣ ገበያ ወጥቼ፣ ልጁ አሞት። እናቲቱ ቀድሞውንም መጥፎ እናት ነኝ ብላ ራሷን እየወቀሰች ከሆነ ወቀሳው በቁስሏ ላይ ይጨመራል።

ያ ዝርዝር ከሰልፉ ይልቅ ለልየታው የቀረበ ነው። በ45ኛው ቀን ያልመጣች እናት ቤት የምትሄደው ባለሙያ ስለ ልጁ ከመጠየቋ በፊት ቁጭ ብትል፣ ቡና ከተፈላም ብትጠጣ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥያቄዎች ብታቀርብ፣ የጤና ኬላው አግዳሚ ላይ ፈጽሞ የማትገኘውን እናት ታገኛለች። በሐራ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ሥራው በጥቂት ጤና ኬላዎች የሚጀመር ከሆነ ከዚሁ ዝርዝር ቢጀመር ይመረጣል። ብዛቱ ውሱን ነው፤ ሰልፍ የለበትም፤ ጉዞውም በየወሩ የሚደረግ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን በዚህ ሥራ ላይ ቢያሰማራ ጥያቄዎቹ በወሎ አማርኛ ተፈትነው፣ የትኛው ቃል እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታወቃል። የመጀመሪያው የመስክ ሥራ የሚሆነው ክትባት ያቋረጡ ልጆች እናቶች ዘንድ ሄዶ «ከወለድሽ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ?» ብሎ መልሱን ከምስጋናው በኋላ መጠበቅ ነው።